የትሬቡሼ አሠራር፦ የአንድ ሜትር ክንድ፣ 6 ኪሎ አሸዋና አንድ የቴኒስ ኳስ

ትሬቡሼ የመካከለኛው ዘመን ጦሮች ከተማ ሲከብቡ ግንብ የሚደበድቡበት ትልቅ የድንጋይ መወርወሪያ ነው። ረጅም ክንድ አለው። በክንዱ አጭር ጫፍ ከባድ ሳጥን ይንጠለጠላል፣ በረጅሙ ጫፍ ወንጭፍ ይታሰራል። ሳጥኑ ሲወድቅ ክንዱ ይነሣል፣ ወንጭፉ ይዞራል፣ ድንጋዩ ይሄዳል። ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የጠበቀ፣ ወፍና ዝንጀሮ በወንጭፍ ያባረረ ሰው የዚህን መሣሪያ ምስጢር እጁ ያውቀዋል፦ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው በጊዜው ይለቀቃል። ትንሽ ቀድሞ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ትንሽ የዘገየ ደግሞ ፊት ለፊት መሬት ይመታል።

ጀማሪ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቀን ቋሚና ድጋፍ ሲያበጁ ይውሉና ወንጭፉን መጨረሻ ላይ በአሥር ደቂቃ አስረው ይጨርሳሉ። ከዚያ ኳሱ አምስት ሜትር ሄዶ ሲወድቅ ሳጥኑ ላይ አሸዋ ይጨምራሉ። ስሕተቱ ያለው ግን ወንጭፉ ላይ ነው። እዚህ እንጨቱን በልኩ እንሠራለን፤ ሰፊውን ጊዜ የምንሰጠው ለወንጭፉና ወንጭፉ ለሚሾልክበት ብረት ነው።

ልኬቱ ከየት መጣ

ከዚህ በፊት የነበረው ዓይነት በሰው ጉልበት ይሠራ ነበር። በአጭሩ ጫፍ ብዙ ገመድ ይታሰርና ሰዎች ባንድ ጊዜ ቁልቁል ይጎትቱታል። ከቻይና ተነሥቶ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜዲትራኒያን አካባቢ ደርሷል። ችግሩ ግልጽ ነው፦ የሰው ጉልበት አንድ ጊዜ ይበረታል፣ አንድ ጊዜ ይላላል፤ ስለዚህ ሁለት ድንጋይ አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይከብዳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጎታቾቹን ቦታ ክብደት ወሰደው። ለሱልጣን ሳላሕ አድዲን የጦር መሣሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀው አል-ጠርሱሲ ይህን በክብደት የሚሠራ ዓይነት ጽፎ አስቀምጦታል። ዐረቦቹ መወርወሪያውን በጠቅላላ መንጀኒቅ ይሉታል። የሞንጎሎቹ ገዥ ኩብላይ ካን ለዓመታት ከብቦ ያልተሳካለትን የቻይና ከተማ ሺያንግያንግን በ1273 እ.ኤ.አ. እጁ ያስገባው ከምዕራብ የመጡ ሙስሊም መሐንዲሶች ይህንን መሣሪያ ከሠሩለት በኋላ ነው።

ክብደት ሁልጊዜ እኩል ይወድቃል። በመሆኑም መሣሪያው ሊለካ፣ ሊስተካከልና ሊደገም ይችላል። እኛም የምንጀምረው ከልኬት ነው።

የክንዱን አጭር ክፍል፣ ማለትም ከዘንጉ (ክንዱ ከሚዞርበት ብረት) እስከ ሳጥኑ ማንጠልጠያ ድረስ ያለውን፣ አንድ እጅ ብላችሁ ያዙ። ረጅሙ ክፍል የዚያ 3.75 እጥፍ ይሁን። ዘንጉ ከአሸንዳው፣ ማለትም ኳሱ ከሚንሸራተትበት ጣውላ፣ 2.75 እጥፍ ከፍ ይበል። ወንጭፉ 3.5 እጥፍ ይርዘም። የሳጥኑ መሀል ከማንጠልጠያው አንድ እጅ ዝቅ ይበል። ሳጥኑ ከኳሱ 100 ጊዜ ያህል ይክበድ። በእኛ መሣሪያ አንድ እጅ 20 ሳ.ሜ. ስለሆነ ረጅሙ ክፍል 75፣ የዘንጉ ከፍታ 55፣ ወንጭፉ 70 ሳ.ሜ. ይሆናል። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ 6 ኪሎ አሸዋ ይበቃናል።

ምን ያህል ርቀት እንደምትጠብቁ አስቀድማችሁ አስሉ። ክንዱ በ45 ዲግሪ ተጎትቶ ሲቆም የአጭሩ ክፍል ጫፍ ከዘንጉ 14 ሳ.ሜ. ይበልጣል፤ ሲወድቅ ከዘንጉ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል። ሳጥኑ የወደቀው በድምሩ 34 ሳ.ሜ. ነው። ምንም ጉልበት ባይባክን የመጨረሻው ርቀት 2 ሲባዛ በክብደቱ ንጽጽር ሲባዛ በአወዳደቁ ይሆናል፤ 2 × 100 × 0.34፣ ማለትም 68 ሜትር። በእውነቱ ግን ክንዱ ራሱ ይከብዳል፣ ዘንጉ ይፋተጋል፣ ሳጥኑ ከወደቀ በኋላም ይወዛወዛል፣ ፀጉራሙን የቴኒስ ኳስ ደግሞ አየር ይይዘዋል። የዚህን ስሌት ግማሽ ካገኛችሁ መሣሪያው በደንብ ተስተካክሏል ማለት ነው። 10 ሜትር ላይ ከቀረ አሸዋ አትጨምሩ፤ ጥፋቱን ፈልጉ።

የሚያስፈልገው

ለመሠረቱና ለቋሚዎቹ 4 በ5 ሳ.ሜ. የሆነ ሞራሌ፣ በጠቅላላ 9 ሜትር ያህል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትውሰዱ፤ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ የዘንጉ ቀዳዳዎችም ከመስመር ይወጣሉ። ለክንዱ 3 በ4 ሳ.ሜ. የሆነ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ክሩ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የአንድ ሜትር እንጨት። በገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከሌላው ቆጥቡ፣ ከክንዱ ግን አትቆጥቡ። ለሳጥኑ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ወይም ጣውላ። ለአሸንዳው 2 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ 20 ሳ.ሜ. ስፋትና 90 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ልሙጥ ጣውላ።

ከብረት 12 ሚ.ሜ. የሆነ ልሙጥ ዘንግ 46 ሳ.ሜ.፣ እና 10 ሚ.ሜ. የሆነ 31 ሳ.ሜ.። የኮንክሪት ፌሮ ሸንተረር ስላለው እንጨቱን እየፋቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ሌላ ካጣችሁ ብቻ በሞረድ አለስልሱት። ባለ 10 ሳ.ሜ. ሚስማር ሁለት፣ ባለ ቀለበት ብሎን ሁለት፣ የቁልፍ ቀለበት አንድ፣ ተራ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ ኮላ፣ ሰም ወይም ግሪስ። ለወንጭፉ የማይለጠጥ ሲባጎ 3 ሜትርና ቁራጭ ለስላሳ ቆዳ ወይም ሸራ። ናይለን ገመድ ሲሳብ ስለሚለጠጥ እያንዳንዱን ውርወራ ይለዋውጠዋል።

መሣሪያዎቹ መጋዝ፣ ትራፓኖ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትርና የወጥ ቤት ሚዛን ናቸው። ሚዛኑን አትዝለሉት።

መሠረቱ

1ኛ፦ ከሞራሌው 120 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት የጎን እንጨቶች ቁረጡ። ተሻጋሪ እንጨቶች ሦስት ናቸው፦ ለፊትና ለኋላ 42 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት፣ ለመሀል 86 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ። ተሻጋሪዎቹን 4 ሳ.ሜ. ከፍታ እንዲኖራቸው አጋድማችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ፤ የጎን እንጨቶቹን በ5 ሳ.ሜ. ጎናቸው አቁማችሁ ላያቸው ላይ ጫኑ። በሁለቱ የጎን እንጨቶች መካከል 34 ሳ.ሜ. ባዶ ቦታ ይኑር። መሀለኛው ተሻጋሪ ከኋላ ጫፍ 65 ሳ.ሜ. ላይ ይቀመጥ፤ ቋሚዎቹ የሚቆሙት ከሱ በላይ ነው። ማዕዘኖቹን ከጥግ ጥግ በሜትር ለክታችሁ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ በኮላና በብሎን እሰሩ።

2ኛ፦ አሸንዳውን በጎን እንጨቶቹ መካከል ተሻጋሪዎቹ ላይ አስተኙ። ከዘንጉ መስመር ወደ ኋላ 60፣ ወደ ፊት 30 ሳ.ሜ. ይሂድ። ኳሱ የሚንሸራተተው እዚህ ላይ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ሰም ቀቡት። ግራና ቀኙን በቀጭን እንጨት አጥሩ፤ በአጥሮቹ መካከል 10 ሳ.ሜ. ስፋት ይበቃል። አሸንዳ የሌለው መሣሪያ ኳሱን በየጊዜው በተለያየ መስመር ይለቅቃል።

ቋሚዎቹ

3ኛ፦ 65 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት ቋሚዎች ቁረጡ። የታችኛውን 5 ሳ.ሜ. ግማሽ ውፍረቱን አንሡና በጎን እንጨቱ ላይ በተቆረጠ እኩያው ጎድጓድ ውስጥ አስገቡት፤ በኮላና በሁለት ብሎን አጥብቁ። የዘንጉ ቀዳዳ ከቋሚው ግርጌ 57 ሳ.ሜ. ላይ ይሆናል፤ ከአሸንዳው ሲለካ 55 ሳ.ሜ. ይመጣል። ሁለቱን ቋሚዎች ከማቆማችሁ በፊት ደርባችሁ ባንድ ጊዜ ብሱ። ለየብቻ የተበሱ ቀዳዳዎች ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለያዩ ዘንጉ ያዘማል፣ ክንዱም ወደ አንድ ጎን ይወረውራል።

4ኛ፦ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ ከፊትና ከኋላ 60 ሳ.ሜ. የሆኑ ሰያፍ ድጋፎች አድርጉ። ከላይ ቋሚውን በ45 ሳ.ሜ. ከፍታ ይያዙ፤ ከታች ከቋሚው 35 ሳ.ሜ. ርቀው የጎን እንጨቱን ይያዙ። ከውጭ በኩል ደግሞ 48 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ አንድ ድጋፍ ከመሀለኛው ተሻጋሪ ጫፍ ወደ ቋሚው ይምጣ። የውጩ ድጋፍ ግዴታ ነው። ክንዱ ሲወረውር ቋሚዎቹ ወደ ጎን ይንቀጠቀጣሉ፤ ባዶ ዓይን ባያየውም ኳሱ ያሳየዋል።

በዚህ ቦታ ላይ በጣም የተለመደ ጥፋት አለ። ሁለቱ ቋሚዎች እንዳይላወሱ ብሎ መሀል ላይ፣ ከዘንጉ በታች፣ ተሻጋሪ እንጨት መምታት። ያ ቦታ የሳጥኑ መንገድ ነው። 6 ኪሎ ወርዶ እንጨቱን ሲመታ ወይ እንጨቱ ይሰበራል ወይ ክንዱ። ቋሚዎቹን ከውጭ ደግፉ፤ ውስጡን ባዶ ተዉት።

ማንኛውንም ነገር በኮላ ከማጣበቃችሁ በፊት ሙሉውን ያለ ኮላ ገጣጥማችሁ እዩት፣ በየመጋጠሚያውም ምልክት ጻፉ። የጥንቶቹ አናጢዎች ይህን የሚያደርጉት በግድ ነበር፤ ከባድ የከበባ ሥራ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ይጓዝና ከግንቡ ሥር ይገጠማል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በሲሲሊ ደሴት መሲና ላይ ያሠራውን የእንጨት ምሽግ አስፈትቶ በመርከብ በፍልስጤም ጠረፍ እስካለችው አካ ድረስ ወስዶታል። ምልክት ያልተጻፈበት እንጨት እዚያ ደርሶ ማገዶ ነው።

ክንዱ

5ኛ፦ የአንድ ሜትሩን እንጨት ከአጭሩ ጫፍ በ3 ሳ.ሜ. ላይ ለሳጥኑ ማንጠልጠያ፣ በ23 ሳ.ሜ. ላይ ለዘንጉ ብሱት። በሁለቱ መካከል 20፣ ከዘንጉ ወደ ረጅሙ ጫፍ 77 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ወንጭፉ ከጫፉ 2 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ ስለሚታሰር የምንፈልገውን 75 እናገኛለን። ቀዳዳዎቹን የምትበሱት በ3 ሳ.ሜ. ጎኑ በኩል ነው፤ ክንዱ ሲቆም ወፍራሙ 4 ሳ.ሜ. ከላይ ወደ ታች እንዲሆን። ከዘንጉ ጀምሮ ወደ ረጅሙ ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ 2 በ2 ሳ.ሜ. ይሁን። ጫፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግራም የኳሱን ጉልበት ይበላል። ከዘንጉ አጠገብ ግን ምንም አታቅጥኑ።

6ኛ፦ የአጭሩን ጫፍ ከማንጠልጠያው ቀዳዳ ግራና ቀኝ በሲባጎ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙና በኮላ አርጥቡት። ሳጥኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚሰነጠቀው ይህ ቦታ ነው። በትልልቆቹም ላይ ክንዶች በገመድ ይጠመጠሙ ነበር።

7ኛ፦ ክንዱን በዘንጉ ላይ አስገቡ። ክንዱ መሀል ላይ እንዲቆይ በግራና በቀኝ ከፕላስቲክ ቱቦ የተቆረጠ መወጠሪያ ጨምሩ፤ እያንዳንዱ 15 ሳ.ሜ. ከሩብ ያህል ይሁን። ክንዱ ያለ ሳጥን በጣት ሲገፋ በነፃ መዞር አለበት። ካንገራገረ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ አስፉ፣ ዘንጉን በሰም ወይም በግሪስ አብሱ።

ሳጥኑ

8ኛ፦ በውጭ ልኩ 26 ሳ.ሜ. ስፋት (በዘንጉ አቅጣጫ)፣ 14 ሳ.ሜ. ጥልቀትና 16 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው፣ ክዳን ያለው ሳጥን ሥሩ። 4 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 6 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ይበቃዋል። ሁለት 30 ሳ.ሜ. የሆኑ፣ 4 ሳ.ሜ. ስፋትና 1.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች በሁለቱ ጠባብ ጎኖች በብሎን ይያዙ። ከላይ ጫፋቸው በ2 ሳ.ሜ. ላይ ተበስተው በ10 ሚ.ሜ. ዘንግ ከክንዱ ጋር ይያያዛሉ። ከዚያ ዘንግ እስከ ሳጥኑ መሀል 20 ሳ.ሜ. መሆኑን ለኩ።

ሳጥኑ ለምን እንዲወዛወዝ ሆነ? ክንዱ ላይ በሚስማር የተመታ ሳጥን ከክንዱ ጋር አብሮ ክብ ይዞራል፤ የተንጠለጠለ ሳጥን ግን ወደ ቀጥታ አወዳደቅ ይጠጋል፤ ጉልበቱም ወደ ጎን አይባክንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ ቪላር ደ ኦንኩር በሥዕል መዝገቡ ያስቀመጠው ትሬቡሼ ሳጥኑ አፈር የሚሞላበት ነበር፦ 9 ጫማ ስፋት፣ 12 ጫማ ጥልቀት። እርሳስ ወይም ብረት ከሌለ አፈር ይሠራል፤ የእኛም አሸዋ ያው ነው።

አሸዋው ደረቅ ይሁን፣ እስከ ላይም ይጠቅጠቅ። ከላይ ባዶ ቦታ ከቀረ ጨርቅ ጠቅጥቁበት። በውስጥ የሚናጥ አሸዋ ከውርወራ ውርወራ ይለያያል።

አሁን ባዶውን ሳጥን እንደሰቀላችሁ ክንዱን ወደ ታች ጎትታችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ክንዱ በ45 ዲግሪ ሲሆን የሳጥኑ የላይ ጠርዝ የክንዱን ሆድ መንካት የለበትም፤ 2 ሳ.ሜ. ያህል መራቅ አለበት። ጥልቀቱ ከ14 ሳ.ሜ. የበለጠ ሳጥን እዚህ ላይ ይጋጫል። ሁለተኛ፣ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሳጥኑ ሥር ከአሸንዳው 7 ሳ.ሜ. ያህል መራቅ አለበት። መሬት የሚነካ ሳጥን የውርወራውን ግማሽ መሬት ላይ ይጥለዋል።

ጣቱና ወንጭፉ

9ኛ፦ ባለ 10 ሳ.ሜ. ሚስማር ራሱን ቁረጡና በክንዱ ረጅም ጫፍ መጨረሻ፣ በክንዱ ርዝመት አቅጣጫ፣ አስቀድሞ በተበሳ ጠባብ ቀዳዳ አስገቡት። 3.5 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ውጭ ይቅር። ይህ የወንጭፍ ወርዋሪው ጣት ምትክ ስለሆነ ጣት እንበለው። ዐናቱን በሞረድ አክቡና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አለስልሱት። ሻካራ ጣት ቀለበቱን በየጊዜው በተለያየ ሰዓት ይለቅቃል። ከዚያ በፒንሳ ወደ ውርወራው አቅጣጫ፣ ማለትም ክንዱ ሲነሣ ወደሚሄድበት ወገን፣ 25 ዲግሪ ያህል እጠፉት።

10ኛ፦ ከቆዳው 14 በ9 ሳ.ሜ. የሆነ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የጠበቡ ቁራጭ አውጡ። ይህ የኳሱ ማረፊያ ነው። በጣም ጥልቅ ከሆነ ኳሱን ይዞ አይለቅም፤ በጣም ጠባብ ከሆነ ኳሱ መንገድ ላይ ይሾልካል። በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ ቀስ ብላችሁ ብታወዛውዙት ኳሱ መቆየት፣ አንዱን ገመድ ስትለቁ ግን ወዲያው መውጣት አለበት።

11ኛ፦ አንዱን ገመድ ከክንዱ ጫፍ 2 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ በተበሳ ቀዳዳ ለዘለቄታው እሰሩት። ሌላውን ገመድ በቁልፍ ቀለበት ጨርሱት፤ ቀለበቱ ጣቱ ላይ ይጠለቃል። ከክንዱ ጫፍ እስከ ማረፊያው መሀል 70 ሳ.ሜ. ይሁን። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ሆኖ ወንጭፉ ሲወጠር ሁለቱ ገመዶች እኩል መወጠር አለባቸው፤ ጣቱ ስለሚወጣ የቀለበቱ ገመድ በሣንቲሜትር ቤት ረዘም ማለቱ አይቀርም። አንዱ የላላ እንደሆነ ማረፊያው ይጋደልና ኳሱ ወደ ጎን ይወጣል። የመጨረሻውን ቋጠሮ ሊፈታ በሚችል ቋጠሮ ተዉት፤ ርዝመቱን ብዙ ጊዜ ትለውጡታላችሁ።

ቃታው

12ኛ፦ ባለ ቀለበት ብሎን አንዱን በክንዱ ሆድ ከጫፍ 10 ሳ.ሜ. ላይ፣ ሌላውን በኋለኛው ተሻጋሪ ላይ እሰሩ። ክንዱ ሲወርድ ሁለቱ እንዲገናኙ አጭር የገመድ ቀለበት በመካከል አድርጉና ሁለተኛውን ሚስማር እንደ በር መወርወሪያ ሰክታችሁ ያዙት። ሚስማሩ ላይ 5 ሜትር ሲባጎ እሰሩ። በ6 ኪሎ ክብደት ቃታው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከ2 ኪሎ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሚስማሩ በቀላሉ ይሳባል። ከተጣበቀ ሰም ቀቡት።

የመጀመሪያው ውርወራ

ሜዳው ቢያንስ 80 ሜትር ወደ ፊት፣ 30 ሜትር ወደ ኋላ ባዶ ይሁን። ያልተስተካከለ ትሬቡሼ ወደ ኋላም ይወረውራል፤ ተመልካቾች የሚቆሙት ከጎን፣ ከ10 ሜትር በላይ ርቀው ነው። ድንጋይ አትጠቀሙ። ሳጥኑ ከፍ ብሎ ሳለ እጅ ከሱ በታች አይገባም፤ ክንዱን የሚጎትተው አንድ ሰው፣ ወንጭፉን የሚዘረጋው ሌላ ሰው ሆኖ ወንጭፉ የሚዘረጋው ሚስማሩ ከተሰካና ክንዱ በተጨማሪ ገመድ ከታሰረ በኋላ ነው። ልጆች ካሉ ይህን ሥርዓት በቃል አስጠኗቸው።

መሠረቱን በካስማ ወይም በአሸዋ ከረጢት ያዙት። ወንጭፉን በአሸንዳው ላይ ከክንዱ ጫፍ ወደ ፊት፣ በዘንጉ ሥር አሳልፋችሁ ዘርጉ፤ ኳሱ ከዘንጉ ትንሽ አልፎ ይተኛል። ገመዱ እንዳይጠማዘዝ እዩ። በ2 ኪሎ አሸዋ ጀምሩ፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6። ያለ ኳስ ፈጽሞ አትልቀቁት፤ ጉልበቱ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ክንዱና ወደ ዘንጉ ይመለሳል።

ማስተካከያ

የመጨረሻውን ማስተካከያ በሙሉ 6 ኪሎ አድርጉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሦስት ጊዜ ወርውሩ፣ ጻፉ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ቀለበቱ ቀድሞ ለቋል። ጣቱን ወደ ውርወራው አቅጣጫ 5 ዲግሪ ጨምራችሁ እጠፉ፤ ካልበቃ ወንጭፉን 2 ሳ.ሜ. አስረዝሙ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት መሬት ከመታ ቀለበቱ ዘግይቷል፤ ጣቱን ወደ ቀጥታ መልሱ ወይም ወንጭፉን አሳጥሩ። ኳሱ ጭራሽ ካልወጣ ጣቱ በጣም ታጥፏል ወይም ቀለበቱ ጠቦ ይዞታል። ዒላማችሁ ኳሱ ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እንዲወጣ ነው። ከጎን ቆሞ በስልክ በዝግታ ቪዲዮ ማንሣት ከማንኛውም ግምት ይበልጣል፦ ኳሱ ሲለቀቅ ክንዱ የት እንዳለ፣ ወንጭፉ ምን ያህል እንደዞረ በግልጽ ይታያል።

ቀድሞ መልቀቅ ቀላል ጥፋት አይደለም። በ1521 እ.ኤ.አ. የስፔኑ የጦር መሪ ኮርቴስ የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ሲከብብ ባሩድ እያነሰበት ስለነበር ትሬቡሼ አሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ሰማይ ወጥቶ በተነሣበት ቦታ ተመልሶ ወደቀ። ከዕቃው ሁሉ ያነሰው ያ የብረት ጣት ወይም የገመዱ ልክ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ በመጀመሪያ የዘንጉን አግድምነት፣ ቀጥሎ የወንጭፉን እኩልነት፣ መጨረሻ የጣቱን ወደ ጎን መጋደል ተመልከቱ። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ የሚል ከሆነ ነገሩ ከቋሚዎቹ መላላት ነው። ርቀቱ በዝናባማ ቀን ከተቀየረ ሲባጎው ረጥቧል፤ በሰም የታሸ ሲባጎ ይህን ይቀንሳል።

ጥሩ ማስተካከያ ካገኛችሁ በኋላ አምስት ኳሶች መዝናችሁ ክብደታቸው የተቀራረበውን ብቻ ያዙ። የከበባ ሠራዊቶች ድንጋይ ጠራቢ ይዘው የሚሄዱት ለዚሁ ነበር፦ እኩል ክብደት ያለው ክብ ድንጋይ የግንቡን አንድ ቦታ ደጋግሞ ይመታል፤ ከየሜዳው የተለቀመ ድንጋይ ግን ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ይፍቀዋል እንጂ አይሰብረውም።

የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ይተዋል። ግን ስተርሊንግን አስቡ፦ በ1304 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በስኮትላንድ ስተርሊንግ ምሽግ ፊት “የጦር ተኩላ” የሚባለውን ትሬቡሼ ሲያሠራ አምስት ዋና አናጢዎችና ሃምሳ ያህል ሠራተኞች ለወራት ደክመውበታል። የተከበቡት እጃችንን እንስጥ ሲሉት መሣሪያው ሳይሞከር አልቀበልም አላቸው። ሥራውን ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፤ ከግንቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በዚያ ፈተና ከፍለዋል።

መንኮራኩርና ማሳደግ

ከመሠረቱ ሥር 8 ሳ.ሜ. የሆኑ አራት መንኮራኩሮች ብትገጥሙና ካስማውን ብትነቅሉ መሣሪያው ሲወረውር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። በመሄዱም ሳጥኑ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይወድቃል፤ ርቀቱ በሚታይ ሁኔታ ይጨምራል። መንኮራኩር ከገጠማችሁ ግን የጣቱን ማስተካከያ እንደገና ጀምሩ፤ የድሮው ልክ አይሠራም።

ለማሳደግ ስታስቡ ሒሳቡን አስቀድሙ። ሁሉንም ርዝመት በ2 ብታበዙ ክብደቱ በ8 ይበዛል፦ ሳጥኑ 48 ኪሎ ይሆናል፣ የሚከማቸው ጉልበትም 16 እጥፍ ይሆናል። ያኔ 12 ሚ.ሜ. ዘንግ ይታጠፋል፣ ሚስማር ቃታ አይሳብም፣ ክንዱን በእጅ መጎተት አደጋ ነው። በእንግሊዝ ዎሪክ ቤተ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. የተሠራው 18 ሜትር ቁመትና 22 ቶን ክብደት ነበረው፤ ክንዱ የሚወርደው ሰዎች በውስጡ እየተራመዱ በሚያዞሩት ትልቅ መንኮራኩር ነበር። ከአንድ ሜትር ክንድ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ማለፍ ለሚቀጥለው ሥራ በቂ እርምጃ ነው።

ውርወራው ሲያበቃ አሸዋውን አውጡ፣ ክንዱን ያለ ሳጥን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ቀለበቱን ከጣቱ አንሡ። ክብደት ተሸክሞ ተጎትቶ ያደረ ክንድ ይጎብጣል፣ ጎባጣ ክንድ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ቢደረደሩም ቀጥ ብሎ አይወረውርም። የመጨረሻውን የወንጭፍ ርዝመትና የጣቱን ዲግሪ በክንዱ ላይ በእርሳስ ጻፉት።